ወንዝ ባሕር ሲገባ ማየትና እዚያው መዋኘት ለየቅል ናቸው

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሰበታ ነው። የ13 ዓመት ሴት ልጄ በጂኦግራፊ ትምህርቷ ስለ ወንዝ አፍ ተምራ፣ ወንዝ ባሕር ሲገባ በዓይኔ ካላየሁ ብላ አስቸግራናለች። ጎረቤቶቻችን አዋሽ ጅቡቲ ላይ ባሕር ይገባል ይላሉ፤ ባቡሩም ቅርባችን ነው። ባለቤቴ ደግሞ ኬንያ ውስጥ ማሊንዲ አጠገብ ሳባኪ የሚባል ወንዝ አለ፣ አፉ ላይ ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ጨውም ማዕበልም ስለማይበዛበት ዋና ለማይችሉ ልጆች ከባሕሩ ይሻላል ባይ ነው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅም አለን። ጉልበቷን የሚያማት እናቴም አብራን ሄዳ ብትነከርበት ደስ ይላታል። ለፋሲካ ብንሄድስ? ልጄ ደግሞ ‹ሁለቱ ውሃ የሚለያዩበት መስመር በዓይን ይታያል ወይ?› ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች።»

አዋሽ ባሕር አይገባም። ከግንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ በመልካ ቁንጡሬ አልፎ፣ ቆቃን ሞልቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ አፋር ምድር፣ የጅቡቲ ድንበር ላይ ካለው አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ነው፤ መውጫ የለውም። የገባው ውሃ ፀሐይ ይተነውና ጨውና ሶዳው ይቀራል። ከዚያ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ደረቅ ምድር አለ። ጎረቤቶችዎ ብቻቸውን አይደሉም፤ ካርታ ላይ ሰማያዊው መስመር ወደ ባሕሩ አቅንቶ ሲሄድ ያየ ሁሉ ደርሷል ብሎ ይደመድማል። ጅቡቲ ራሷ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የላትም። ዋና ከተማዋ ውስጥ አምቡሊ የሚባል ደረቅ ወንዝ አለ፤ እሱም ዝናብ ሲጥል ብቻ በጎርፍ ይሞላል፤ ጎርፍ ላይ ደግሞ ልጅ ይዞ አይኬድም። ስለዚህ ፉሪ ለቡ ተሳፍራችሁ ናጋድ ብትወርዱ ባሕር ታያላችሁ፣ የወንዝ አፍ ግን አታዩም።

ልጅዎ ቀጥላ «ታዲያ ከእኛ ወንዞች የቱ ነው ባሕር የሚደርሰው?» ማለቷ አይቀርም። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ላይ ይቀራል። ዋቢ ሸበሌ ከሐረርጌና ከባሌ ተራሮች ያን ሁሉ መንገድ ወርዶ፣ ሞቃዲሾ አካባቢ ሲደርስ ባሕሩን በቅርብ ርቀት እያየ ወደ ጎን ይታጠፍና አብዛኛውን ዓመት ረግረግ ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ይሆኑና ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባሉ፤ ግን ለቤተሰብ ሽርሽር የሚታሰብ ቦታ አይደለም። ተከዜና ባሮም በየፊናቸው ከአባይ ጋር ተደባልቀው ሜዲትራንያን ይደርሳሉ።

የአባይን አፍ ግብፅ፣ ዱምያጥ ላይ ራስ አልባር በሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ማየት ይቻላል። እኔ ግን ለልጅዎ አልመርጠውም። ዳርና ዳሩ በኮንክሪትና በድንጋይ የታጠረ ነው፤ ደለሉም የለም። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው ድሮ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካለቀ ወዲህ ግንዱም አፈሩም ማደሪያ አግኝቷል፤ ታች ያለው የባሕር ዳርቻ አፈር የሚያቀብለው ስላጣ ባሕሩ እየበላው ነው። ወንዝ አገር ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ልጅ ግድብ ያልጨረሰው ወንዝ ያስፈልገዋል። በዚህ በኩል ባለቤትዎ ያነሡት ሳባኪ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ቦታውን በደንብ መርጠዋል፤ የተሳሳቱት እዚያ ምን እንደሚደረግ ነው።

ሳባኪ የሚባለው ወንዝ መነሻው ላይ አቲ፣ መካከሉ ላይ ገላና፣ መጨረሻው ላይ ሳባኪ እየተባለ ስም የሚለዋውጥ አንድ ወንዝ ነው። 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከጣና ቀጥሎ የኬንያ ሁለተኛ ረጅም ወንዝ ነው (ጣና የሚባል ወንዝ አላቸው፤ ከእኛ ሐይቅ ጋር አያምታታችሁ)። ናይሮቢ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ የከተማዋን ቆሻሻ የተሸከመውን የናይሮቢ ወንዝ ተቀብሎ፣ ጻቮ ፓርክን አቋርጦ፣ ከማሊንዲ በስተ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ባሕር ይገባል። አቃቂ ከአዲስ አበባ ያገኘውን ሁሉ ይዞ አዋሽ ላይ እንደሚዘረግፈው ማለት ነው። እኔ ገላን ስለምኖር ይህን ምሳሌ ማስረዳት አያሻኝም፤ በክረምት በአቃቂ ድልድይ ላይ ያለፈ ሰው አፍንጫው ያውቀዋል። ስለዚህ «ቀለሙ የአፈር ነው እንጂ ንጹሕ ወንዝ ነው» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትስሙት። ቀለሙ የአፈር መሆኑ እውነት ነው። ከአፈሩ ጋር ምን እንደመጣ ግን ቀለሙ አይነግራችሁም።

ወደ ባለቤትዎ ሦስት ነጥቦች ልምጣ፤ ጥልቀት የለውም፣ ጨው የለውም፣ ማዕበል የለውም ብለዋል።

ከጨው ልጀምር። ጨው ያነሰው ውሃ ዋና ለማይችል ልጅ ይሻላል የሚለው የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚይዝ ከወንዝ ውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሜትር ኩብ የወንዝ ውሃ 1,000 ኪሎ ከሆነ የባሕሩ 1,025 ኪሎ ይሆናል። የከበደ ውሃ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል፤ የቀለለው ያሰምጣል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ተንሳፍፎ ለመቆየት ለሚፍጨረጨር ልጅ ትንሽ አይደለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሁለቱ ውሃዎች ቶሎ አይዋሃዱም። የወንዙ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ እየተንሳፈፈ ወደ ባሕር ይወጣል፤ የባሕሩ ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር እንደ ሽብልቅ ወደ ወንዙ ይገባል። አንድ ሰው ወገቡ ድረስ ቆሞ ጉልበቱን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወገቡን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲገፋው ሊሰማው ይችላል።

ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ለልጆቹ አሳዩአቸው። አንድ ሊትር ውሃ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙና ብርጭቆ እስከ ግማሹ ሙሉ። ስኳር ያልገባበት የቀዘቀዘ ሻይ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። ሻዩ ከላይ ይተኛል፤ ጨዋማው ውሃ ከሥር ጥርት ብሎ ይቀራል። በማንኪያ ካልነካኩት ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሁ ይቆያል። እግረ መንገዳችሁን ከጓሮ አንድ እፍኝ ጭቃ በሁለት ብርጭቆ በጥብጣችሁ በአንደኛው ላይ ጨው ጨምሩ። ጨው ያለበት ቀድሞ ይጠራል፤ ምክንያቱም ጨው የአፈሩን ደቃቅ ብናኝ እርስ በርሱ እያጣበቀ ያከብደዋል። በከተማ ውሃ ማጣሪያ አልም የሚጨመረው ለዚሁ ሥራ ነው። የወንዝ አፍ ላይ ጭቃ የሚከመረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ያ ጭቃ ከላይ ደርቆ የታመነ መስሎ፣ ሲረግጡት እስከ ጉልበት የሚውጥ ነው። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ጫማውን እዚያው ትቶ ነው የሚወጣው።

«ጥልቀት የለውም» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ነው የሚያሰምጠው። ወንዝ ባሕር ሲደርስ ፍጥነቱ ይሞታል። ፍጥነቱ ሲሞት የተሸከመውን አሸዋ ይጥላል፤ አሸዋው አፉ ላይ ጉብታ ይሠራል። ጉብታው ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይሞላ ይችላል። ወንዙ ግን መውጫ ስለሚያስፈልገው ጉብታውን ሰንጥቆ ቦይ ያበጃል፤ የውሃው ጉልበት ሁሉ በዚያ ቦይ ይጠራቀማል። ከቁርጭምጭሚት ወደ አናት የሚያደርሰው አንድ እርምጃ ነው። ቦዩ ደግሞ አይጸናም፤ ከአንድ ጎርፍ በኋላ ሌላ ቦታ ይሆናል። አምና እዚህ ጋ ተሻግረናል የሚል ሰው አምናን ነው የሚያውቀው። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ጥልቀቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ጠርዙ ላይ የቆማችሁበት አሸዋም ከሥሩ ተበልቶ በቁሙ ሊናድ ይችላል።

ማዕበሉ ወንዙ አፍ ላይ ደከም ብሎ የሚታይበት ሰዓት አለ፤ ያ ሰዓት ነው አደገኛው። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ በሙላቱ ጊዜ ወንዙ ውስጥ የገባው ውሃ በሙሉ ከወንዙ ፍሰት ጋር ተደምሮ በጠባቡ አፍ ተግተልትሎ ይወጣል። ላዩ ለጥ ያለ ነው። ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ በዚያ ላይ ወደ ኋላ አይመለስም። ከተወሰደ መዳኛው ከግፊቱ ጋር አለመታገል፣ ተንሳፍፎ ወደ ጎን መውጣት ነው፤ ይህን ዋና የማይችል የ9 ዓመት ልጅ ያደርገዋል ብዬ ልንገርዎ? በዚያ ዳርቻ የነፍስ አድን ሠራተኛ ቆሞ አይጠብቅም። አዞና ጉማሬም አለ፤ ጉማሬዎቹ ወንዙ አፍ ድረስ ይወርዳሉ። ሰው ሁልጊዜ ስለ ሻርክ ይጠይቀኛል። እኔን እዚያ ቦታ የሚያስፈራኝ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ጉማሬው ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ድልድዩ አቅጣጫ ጨው ያልደረሰበት ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ እግር መንከርም አይሆንም፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት እንዲህ ባለ ውሃ ነው። ስለዚህ የእኔ ቃል አጭር ነው፤ የሳባኪን አፍ እዩት፣ በዳርቻው ተራመዱ፣ ማንም ግን እዚያ አይዋኝ፤ ላይፍ ጃኬት ለብሶም ቢሆን።

የሙላትና የሽሽት ነገር ለእኛ ለደገኞች እንግዳ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሕንድ ውቅያኖስ በዚያ ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና በተሰወረችበት ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ከከፍተኛው እስከ ዝቅተኛው 3 ሜትር ተኩልና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ማለት ጠዋት ሰፊ ሜዳ ሆኖ ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋ ከቀትር በኋላ ከአንድ ፎቅ ቤት ቁመት ባላነሰ ውሃ ሥር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ውሃው ከፊት ለፊት እየመጣ ስለማያስፈራራ ሰው ይዘናጋል፤ መጀመሪያ የሚሞላው ከኋላ ያለው ቦይ ነው፤ ዞር ሲሉ የመጡበት መንገድ የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገርዎ፤ ከእኛ አገር ሰው በቀር እንዲህ የሚሳሳት ያለ አይመስለኝም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጣች፣ ከዚያ 1 ሰዓት፣ 2 ሰዓት። በዚህ ስደሰት ከርሜ ነበር። የባሕሩን የሰዓት ሰንጠረዥ ያረፍንበት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁና ዝቅተኛው ውሃ «10:12» የሚለውን ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ለሹፌሩ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንድንደርስ ነገርኩት። እሱም በእኛው አቆጣጠር አደረሰን። ሰንጠረዡ ግን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፤ 10:12 ማለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ12 ነበር። ስድስት ሰዓት ስንዘገይ ዝቅተኛው ውሃ ቀርቶ ከፍተኛው ላይ ደረስን፤ የሁለቱ ልዩነትም ያው ስድስት ሰዓት ነውና! ልንለካው የሄድነው የአሸዋ ጉብታ ምልክቱም አልነበረም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እዚህ ጋ ነበረ» ብሎ ሁለት እርምጃ ገብቶ ደረቱ ላይ ሲደርስበት በክንዱ ጎትተን አወጣነው። የባሕር ሰዓት ስትጠይቁ «ከጠዋቱ ነው ከሰዓት?» በሉ፤ ሹፌሩንም መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ።

ስለ ጊዜው፤ ፋሲካ አይሆንም። የእኛ ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ ወይም መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ በኬንያ ጠረፍ ያ የረጅሙ ዝናብ ወቅት ነው። ወንዙ ሞልቶ፣ የወንዙን ዳር የሚያደርሰው መንገድ ጨቅይቶ፣ ውሃው እንጨትና ፕላስቲክ እያንጋጋ ነው የምታገኙት። ሁለተኛው ዝናብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነሣና የወንዙን ቀይ ውሃ ወደ ደቡብ፣ ወደ ማሊንዲ ይገፋዋል። ለገና የሚሄዱ ሰዎች «የማሊንዲ ባሕር ሻይ በወተት ይመስላል፣ አታለሉን» ብለው የሚመለሱት ለዚህ ነው። ማንም አላታለላቸውም፤ ወንዙ ነው። ያ አፈር ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የማሊንዲን ዳርቻ ወደ ባሕሩ እያሰፋው መጥቷል፤ ወንዝ አገር ይሠራል ያልኩት ይኼን ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ተራውን ይወስድና ቀዩን ውሃ ወደ ሰሜን ይመልሰዋል፤ ነገር ግን ነፋሱ ራሱ ብርቱ ነው፣ ባሕሩም ይናወጣል፤ በተለይ በሰኔና በሐምሌ። ስለዚህ የክረምት እረፍትን የሚያስብ ሰው ነሐሴ ማገባደጃን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የእኔ ምርጫ ግን የሴሚስተሩ እረፍት፣ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። ዝናቡ ካለፈ ሰንብቷል፣ ወንዙ ጎድሏል ግን አልደረቀም፣ ባሕሩ ጠርቷል፣ መንገዱ ደርቋል። ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ማሊንዲ ከምድር ወገብ 3 ዲግሪ ብቻ ነው የሚርቀው። ትምህርት ቤቱ ከፈቀደላችሁ ከዚያ ውስጥ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበትን ሰሞን ምረጡ። በኬንያ ጠረፍ በዚያ ሰሞን ባሕሩ በጣም የሚሸሸው ረፋዱ ላይ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለልጆች አመቺ ነው። ከዝቅተኛው ውሃ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ፤ ውሃው መመለስ ሲጀምር ከአሸዋው ሜዳ ውጡ፤ የወንዙን ቦይ ደግሞ በምንም ምክንያት አትሻገሩ። ወፎቹን የሚያሳዩ የመንደሩ ወጣቶች አሉ፤ ከእነሱ አንዱን ያዙ። ቦታው በወፍ የታወቀ ነው፤ ወቅቱ ከገጠመላችሁ ፍላሚንጎም ታያላችሁ። እነዚህ ልጆች ጉማሬዎቹ ያን ሰሞን የት እንደሚውሉ ያውቃሉ፤ ከማንም መጽሐፍ ይልቅ እነሱን እመኑ።

መዋኘቱን ለማግስቱ አድርጉት፤ ሌላ ቦታ። ከማሊንዲ በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ፓርኩ አጠገብ ያለው ዳርቻ ወይም 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ዋታሙ ይሻላል። ከዳርቻው ወዲያ የኮራል ድንጋይ እንደ አጥር ተዘርግቶ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ከአጥሩ ወዲህ ያለው ውሃ ረጋ ያለ ነው። ልጆቹ ከጉልበታቸው በማያልፍ ውሃ፣ እጃችሁ በሚደርስበት ርቀት ይሁኑ። ላይፍ ጃኬት እዚያ እናገኛለን አትበሉ፤ በልካቸው የሆነ ከዚህ ይዛችሁ ሂዱ። በአየር የሚነፋ ኳስና ጎማ ግን አይታመንም፤ ነፋስ ከዳር ሲነሣ ልጁን ይዞ ይሄዳል። ድንጋዩ መካከል እንደ ጃርት እሾህ ያለበት እንስሳ ስለሚኖር ሶሉ ጠንከር ያለ፣ ከእግር የማይወልቅ ጫማ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ሙቀቱ ካሰለቻችሁ ዋታሙ አጠገብ ገዴ የተባለው ጫካ የዋጠው የጥንት ስዋሂሊ ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ በ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዓለም ቅርስ ሆኗል። ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ ነው ይባላል፤ ከሰበታ ለሄደ ልጅ ይህ ራሱ ወሬ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ በሞያሌ በኩል በመኪና እንሂድ የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞያሌ ናይሮቢም ከዚያ አያንስም፤ ከናይሮቢ ባሕር ገና 500 ኪሎ ሜትር ይቀራችኋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይህን አይችሉትም። ሞምባሳ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ማሊንዲ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ነው የሚሻለው። የኬንያ የመግቢያ ደንብ በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ስለተለዋወጠ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲያቸውን ጠይቁ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል፤ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ። እዚህ ላይ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የቢጫ ወባ ክትባት ከወባ አይከላከልም። ሁለቱ የማይገናኙ በሽታዎች ናቸው። የኬንያ ጠረፍ ወባማ ነው፤ የእናንተ ልጆች ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ተወልደው ያደጉ፣ ወባ አይቶ የማያውቅ ደም ያላቸው ናቸው። አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ ቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ስላለ ሐኪም በዕድሜያቸውና በክብደታቸው ይዘዝላቸው። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ማንኛችሁንም ትኩሳት ቢይዛችሁ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትናገሩት «ኬንያ ጠረፍ ነበርን» የሚለውን ይሁን፤ አለዚያ ደጋ ላይ ወባን ማን ይጠረጥራል።

እናትዎ ባሕር ቢነከሩ ደስ ይላቸዋል፤ ውሃው ለብ ያለ ስለሆነ ጉልበታቸው ለጊዜው ሊፍታታ ይችላል፤ ሶደሬ ሲነከሩ እንደሚሆነው። ጠበል ግን አይደለም፣ መድኃኒታቸውንም አያስጥልም። ተቀምጠው እግራቸውን የሚዘረጉበት ረጋ ያለ ውሃ ዋታሙ ላይ ያገኛሉ። ወደ ወንዙ አፍ በአሸዋ ላይ የሚያስኬደው መንገድ ግን ለእሳቸው አይደለም፤ ያን ጠዋት ጥላ ሥር ቡናቸውን ይጠጡ።

ገንዘቡ ዘንድሮ ካልሞላላችሁ ልጅቷን ባዶ እጇን አታስቀሯት። ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ መቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ያመጣውን አፈር አፉ ላይ እየዘረጋ አዲስ መሬት ይሠራል። ጨውና የባሕር ሽሽት ባይኖርም ወንዝ ፍጥነቱን ሲያጣ ሸክሙን እንዴት እንደሚጥል ይታያል፤ በአንድ ቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ከዚያም ይቅረብ ካላችሁ አባ ሳሙኤል አለ፤ አቃቂ ግድቡን በደለል እንዴት እንደሞላው ከዳር ሆኖ ማየት ይቻላል። ውሃውን ግን በጣትም እንዳይነኩት።

የልጅዎ ጥያቄ ከሁላችንም የተሻለ ነው። አዎ፣ መስመሩ ይታያል። ቀዩ ውሃ ሰማያዊው ላይ እየወጣ በሚቆምበት ቦታ ሁለቱ ስለሚገፋፉ አረፋ፣ ቅጠልና ጭራሮ እዚያ ላይ ተሰብስቦ ረጅም የተጠማዘዘ ክር ይሠራል፤ ከወዲህ ቀይ፣ ከወዲያ ሰማያዊ። ከውሃው ዳር ቆማ ግን አታየውም፤ ከፍ ማለት አለባት። በወንዙ አፍ አካባቢ ያሉት የአሸዋ ኮረብቶች ለዚህ ይበቃሉ። ዳርቻው ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይዋ ከባሕሩ በኩል ዓይን ትወጋለች፤ ውሃው ሁሉ አንድ ዓይነት ብር ይመስላል። ከአሸዋው ሜዳ ስትወጡ ኮረብታው ላይ ውሃችሁን እየጠጣችሁ እስከ 6 ሰዓት ቆዩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ነጸብራቁ ይጠፋና ቀለሙ ይለያል፤ ያን ጊዜ ክሩን ጣቷን ቀስራ ታሳያችኋለች።